ታንክ፣ ሂለር ወይስ ዲፒኤስ? የቡድን ሚናን ደንጀን ውስጥ ስለመልመድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አራት ኪሎና ፒያሳ ዙሪያ ከኳስ ጌም ወደ ኦንላይን የቡድን ጌም የሚሻገሩ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁንን ከቀላሉ ወደ ከባዱ አስቀምጠነዋል።

ታንክ፣ ሂለርና ዲፒኤስ የሚባሉት ምንድን ናቸው?

በአብዛኞቹ የኦንላይን የቡድን ጌሞች ሥራው ለሦስት ይከፈላል። ታንክ ጠላቱ እሱን ብቻ እንዲመታ እያደረገ ዱላውን ይቀበላል፣ ሂለር የተጎዳውን ያክማል፣ ዲፒኤስ ጠላቱን ይጥላል። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ኤቨርኩዌስት ይህን አጨዋወት አስለመደ፤ በ2004 የመጣው ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ደግሞ ዓለም ላይ አዳረሰው።

ጠላቱ ማንን እንደሚመታ የሚወስነው አግሮ የሚባለው ሒሳብ ነው። ጌሙ የእያንዳንዱን ሰው ምትና ሕክምና በነጥብ ይመዘግባል፤ ብዙ ነጥብ ወዳለው ሰው ዱላው ይዞራል። የታንክ ምት ነጥቡ ተባዝቶ ስለሚመዘገብ ጠላት እሱን የሙጥኝ ይላል። ሕክምናም ነጥብ እንዳለው ልብ በሉ። ሂለር ለምን ቀድሞ እንደሚሞት ለሚጠይቁን ልጆች መልሱ እዚህ ውስጥ ነው፤ ዝቅ ብለን እንመለስበታለን።

ደንጀን ውስጥ ስንት ሰው ይገባል?

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት ላይ አምስት ሰው ነው፤ አንድ ታንክ፣ አንድ ሂለርና ሦስት ዲፒኤስ። ፋይናል ፋንታሲ 14 እና ኤልደር ስክሮልስ ኦንላይን ላይ አራት ነው፤ ዲፒኤሱ ወደ ሁለት ይወርዳል። ደንጀኑ ለእናንተ ቡድን ብቻ የሚከፈት ዋሻ ወይም ምሽግ ስለሆነ ከውጭ ገብቶ የሚያግዛችሁ ሰው የለም።

ሳልከፍል የት ልለማመድ?

ለአዲስ አበባ ልጅ የመጀመሪያ ምርጫችን ፋይናል ፋንታሲ 14 ነው። ነጻ ሙከራው የጊዜ ገደብ የለውም፣ እስከ ደረጃ 70 ያደርሳል፣ ኮምፒውተር ላይም ፕሌይስቴሽን ላይም ይሠራል። ውጭ አገር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ ተከፍሎበት ወደ ሙሉው ጌም የተሻገረ አካውንት ግን ወደ ነጻው አይመለስም። ስለዚህ አሜሪካ ያለች አክስት "ልግዛልህ" ብትል ወርሃዊውን ማን እንደሚከፍል ሳታስቡ እሺ አትበሉ። ዳውንሎዱ በአስር የሚቆጠር ጊጋባይት ነው፤ አንዴ ከወረደ በኋላ ግን ጨዋታው ራሱ ብዙ ዳታ አይበላም።

ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት እስከ ደረጃ 20 ነጻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በወር 15 ዶላር ገደማ ይጠይቃል። ጊልድ ዋርስ 2ም መነሻው ነጻ ነው፤ ነገር ግን በ2012 ሲወጣ የሦስቱን ሚና ክፍፍል ሆን ብሎ የተወ ጌም ስለሆነ ለዚህ ትምህርት አንመርጠውም።

ስልክ ብቻ ላላችሁ አልቢዮን ኦንላይን አለ። ከ2021 ጀምሮ ስልክ ላይ ይሠራል፣ ከ2024 ወዲህ የራሱ የአውሮፓ ሰርቨር አለው። እዚያ ሚናችሁን የሚወስነው የያዛችሁት መሣሪያና የለበሳችሁት ልብስ ነው፤ ልብስ ስትቀይሩ ሚናም ቀየራችሁ ማለት ነው። በቀይና በጥቁር ዞን የሞተ ሰው የለበሰውን ስለሚዘረፍ እስክትለምዱ ከሰማያዊና ከቢጫው አትውጡ።

በየትኛው ሚና ልጀምር? ሁሉም ሰው "ዲፒኤስ ጀምር" ይለኛል።

እኛ እዚህ ላይ ከብዙዎቹ እንለያለን። ታንክ ወይም ሂለር ለመሆን ሐሳቡ ካላችሁ የመጀመሪያው ደንጀን ላይ ጀምሩት። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ የመጀመሪያው ደንጀን በሚከፈትበት ደረጃ 15 ያላችሁ ቁልፍ በጣት የሚቆጠር ነው፤ ጠላቱ ቀስ ብሎ ይመታል፤ አብረዋችሁ ከገቡት አንዱ እንደናንተው ጀማሪ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። "መጀመሪያ ዲፒኤስ ሆኜ ጌሙን ልወቅ" ያለ ሰው ግን ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደርሶ ታንክ ልሁን ሲል ሃያ ምናምን ቁልፍ ይዞ፣ ሥራውን ያውቃል ብለው ከሚጠብቁት ሰዎች ፊት ይቆማል። ያኔ መማር ያስፈራል። ብዙ ሰው እድሜ ልኩን ዲፒኤስ ሆኖ የሚቀረው ወዶት ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ አንድ ገጸ ባሕርይ ሁሉንም ሥራ መልመድ ስለሚችል መቀያየር አይከብድም። ዋርክራፍት ላይ ግን መጀመሪያ የምትመርጡት ክፍል ያስራችኋል። ያልቆረጠላችሁ ከሆነ ድሩይድ፣ መንክ ወይም ፓላዲን ውሰዱ፤ ሦስቱንም ሚና መሥራት የሚችሉት እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ ቪዲዮ ልይ ወይስ ዝም ብዬ ልግባ?

አንድ ቪዲዮ እዩና ግቡ። አሥር ቪዲዮ አይቶ የገባ ልጅ ቦሱ (የደንጀኑ ትልቅ ጠላት) የሚያደርገውን ሁሉ በቃሉ ያውቃል፣ ነገር ግን የራሱ ሂለር ከኋላው ሲደበደብ አያይም።

ጌሞቹ ራሳቸው መለማመጃ አላቸው። ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ ደረጃ 15 ስትደርሱ ሆል ኦፍ ዘ ኖቪስ ይከፈትላችኋል፤ እያንዳንዱን ሚና በአጫጭር ልምምድ ያሳያል፣ ስትጨርሱም እስከ ደረጃ 30 ድረስ የልምድ ነጥብ የሚጨምር ቀለበት ይሰጣል። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ዱዩቲ ሰፖርት በሚባለው መንገድ የታሪኩን ደንጀኖች ኮምፒውተሩ ከሚያንቀሳቅሳቸው ጓዶች ጋር መግባት ይቻላል። ዋርክራፍትም በ2024 ፎሎወር ደንጀን የሚል ተመሳሳይ ነገር አምጥቷል። እነዚህ መንገዱንና የራሳችሁን ቁልፎች ለመልመድ ጥሩ ናቸው። ግን ኮምፒውተሩ አይቸኩልም፣ አይሳሳትም፣ ሳይነገረው ሌላ ጠላት አይጎትትም። ሚና የሚፈተነው ደግሞ ሌላው ሰው ያልጠበቃችሁትን ሲያደርግ ስለሆነ፣ አንድ ሁለቴ ከኮምፒውተሩ ጋር ገብታችሁ ወደ ሰው እለፉ።

ከጓደኞቼ ጋር ይሻላል ወይስ ከማላውቃቸው ጋር?

ቀያይሩ። ድሮ አንድ ጌም ቤት ትከሻ ለትከሻ የምንቀመጥ ልጆች ካዛንቺስ ሲፈርስ ግማሾቻችን ገላን ጉራ ገባን፤ አሁን የምንተያየው ደንጀን ውስጥ ነውና ከጓደኛ ጋር መግባትን የምንቃወም ሰዎች አይደለንም። ችግሩ ጓደኛ ይሸፍናል። የበረታ ዲፒኤስ ጓደኛ ካላችሁ ጠላቱ አግሮ ሳትይዙ ይሞታል፤ ደንጀኑ አለቀ፣ እናንተ ግን አልተማራችሁም።

ታንክ ነኝ። ስገባ በቅደም ተከተል ምን ላድርግ?

የፋይናል ፋንታሲ 14 የመጀመሪያ ደንጀን የሆነውን ሳስታሻን እንውሰድ፤ የባህር ወንበዴዎች ዋሻ ነው። በሩ ላይ እንዳላችሁ የታንክ ስታንሱን አብሩ፤ ለግላዲያተር አይረን ዊል፣ ለማሮደር ዲፋያንስ ይባላል። ዋርክራፍት ላይ ድሩይድ ከሆናችሁ ድብ ሁኑ። አግሮን የሚያባዛው ይህ ነው፤ ሳይበራ የገባ ታንክ ወፍራም ልብስ የለበሰ ዲፒኤስ ማለት ነው። ሥራ በቀየራችሁ ቁጥር ይጠፋልና ሁሌም ከመግባታችሁ በፊት እዩት።

የመጀመሪያዎቹን ጠላቶች ከርቀት በአንድ ምት ጥሩና መሃላቸው ግቡ። ከዚያ ዙሪያውን የሚመታውን ቁልፍ ሁለቴ ተጫኑና ዓይናችሁን ወደ ጠላቶቹ ዝርዝር አዙሩ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ምልክት አለ፤ ቀይ አራት ማዕዘን ከሆነ ጠላቱ የናንተ ነው፣ ሌላ ምልክት ካሳየ ከኋላችሁ ያለ አንድ ሰው ጋ ሄዷል። ሁሉም ቀይ እስኪሆኑ አትረጋጉ። ሁሉም ቀይ ሲሆኑ ደግሞ ቁሙ! አዲስ ታንክ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት መንቀዥቀዥ ነው። እናንተ በተንቀሳቀሳችሁ ቁጥር ጠላቱ ይከተላችኋል፣ ዲፒኤሱ መሬት ላይ የጣለው አስማት ባዶ ቦታ ይመታል። ቦስ ሲሆን ፊቱን ከቡድኑ አዙሩት፤ ከፊት የሚተፋው ነገር እናንተን ብቻ ያግኝ።

መከላከያ ቁልፎችን በተመለከተ፣ ራምፓርት የሚባለው የሚደርስባችሁን ጉዳት ለ20 ሰከንድ በ20 በመቶ ይቀንሳል፣ በየ90 ሰከንዱ ተመልሶ ይመጣል። ልጆች ይህን ለቦሱ ብለው ያስቀምጡታል፣ ወይ ሊሞቱ ሲሉ ይጫኑታል። ሁለቱም አይጠቅምም። ዝቅተኛ ደንጀን ላይ ታንክን በጣም የሚጎዳው ቦሱ ሳይሆን ስድስት ሰባት ተራ ጠላት በአንዴ ሲመታው ነው። ስለዚህ እንደተሰበሰቡ፣ ጤናችሁ ገና ሙሉ ሳለ ተጫኑት።

ስለ ፍጥነት፣ ታንክ ማለት የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ በየሜትሩ ፍሬን ከያዘ ተሳፋሪው ይታመማል፣ ካበደም ሁሉንም ይዞ ገደል ይገባል። አንድ ቡድን ጠላት ጨርሳችሁ የሂለሩን ማና (ሕክምናው የሚወጣበትን ጉልበት) በዓይናችሁ ገረፍ አድርጉ፤ ካለው ቀጥሉ።

ሂለር ነኝ፤ ሰው ይሞትብኛል ብዬ እጄ ይንቀጠቀጣል።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ከአእምሯችሁ ይውጣ፦ የሰው ጤና ሁሌም ሙሉ መሆን የለበትም። በሕይወት ያለ ሰው 30 በመቶ ጤና ይዞም ልክ እንደ ሙሉው ይመታል። 90 በመቶ ላይ ያለን ሰው ማከም ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ ማናው ያልቃል፣ ከዚያም አልፎ የሕክምናው ነጥብ በጠላቱ መዝገብ ላይ ይጨመርባችኋል። ታንኩ ገና አግሮ ሳይዝ ከበሩ ጀምሮ የሚያክም ሂለር ጠላቱን ወደ ራሱ እየጠራ ነው። ቀድሞ የሚሞተውም ለዚህ ነው።

ታንኩ ወደ ግማሽ ሲወርድ እየተጠባበቃችሁ በመሃል ምቱ። አዎ፣ ሂለርም ይመታል፤ ዝቅተኛ ደንጀን ላይ ዝም ብሎ የታንክን ጤና የሚያይ ሂለር ግማሹን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ነው። የታንኩ ጤና በምን ፍጥነት እንደሚወርድ አንዴ ካጠናችሁ በኋላ መቼ ማከም እንዳለባችሁ እጃችሁ ራሱ ያውቀዋል። ሰው ላይ የተለጠፉ መጥፎ ምልክቶችንም ተመልከቱ፤ ከላያቸው ነጭ መስመር ያለባቸውን ኢሱና በሚባለው ቁልፍ ማንሳት ይቻላል። የብዙ ጀማሪ ሂለር ቁልፍ ሰሌዳ ላይ ኢሱና የለም፤ አስቀምጡት።

የሁለት ሰው ጤና በአንዴ ከወረደባችሁ ራሳችሁን ቅድሚያ ስጡ፣ ቀጥሎ ታንኩን፣ ከዚያ ዲፒኤሱን። ጭካኔ ይመስላል። ግን ሂለር የሞተበት ቡድን የሚቆየው በሰከንድ ሲሆን፣ አንድ ዲፒኤስ የሞተበት ቡድን ትንሽ ዘግይቶ ይጨርሳል።

ዲፒኤስ ቀላል ነው አይደል?

ለመግባት ቀላል፣ ጎበዝ ለመሆን ከባድ ነው። ታንክ የሚመታውን ምቱ። ጠላቱ ሦስትና ከዚያ በላይ ከሆነ ዙሪያውን የሚመታውን ቁልፍ ተጠቀሙ። አንድ ጠላት ወደ እናንተ ከዞረ አትሽሹ፣ ወደ ታንኩ ይዛችሁት ሂዱ፤ በዋሻው ዙሪያ የሚሮጥን ጠላት ታንክ ሊይዘው አይችልም።

የጎበዝ ዲፒኤስ ምልክት ቁጥሩ ላይ ብቻ አይታይም። የሳስታሻ የመጨረሻ ቦስ ዴን ሲሆን፣ ውጊያው መሃል ዙሪያውን ውሃ መንተክተክ ይጀምራል። ሄዶ የነካው ሰው ካለ ውሃው ይረጋል፤ ካልነኩት ተጨማሪ ጠላት ይወጣል። ማንም "አንተ ሂድ" አይልም። ታንኩ ቦሱን ይዟል፣ ሂለሩ እያከመ ነው፤ ስለዚህ ሥራው የናንተ ነው። ዋርክራፍት ላይ ደግሞ የጠላትን አስማት ማቋረጥ የሁሉም ዲፒኤስ ግዴታ ነው። የሮግ ኪክ፣ የሜጅ ካውንተርስፔል፣ የዋሪየር ፓሜል ለዚህ የተሠሩ ናቸው፤ ሳያቋርጥ የቀረ ዲፒኤስ ያመጣው ጉዳት የሚታየው ሂለሩ ላይ ነው።

እንግሊዝኛዬ ብዙም አይደለም፤ ቡድኑን እንዴት ላናግር?

አዲስ መሆናችሁን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ከበሩ ላይ ተናገሩ፤ ይበቃል። ፋይናል ፋንታሲ 14 ውስጥ የተዘጋጁ አባባሎች አሉ፤ የመጀመሪያዎቹን ፊደላት ጽፋችሁ ታብ ስትጫኑ ይመጣሉ፣ ለእንግሊዝኛ፣ ለጃፓንኛ፣ ለጀርመንኛና ለፈረንሳይኛ ተናጋሪው በየቋንቋው ይታያሉ። ስማችሁ ጎን ያለው የቡቃያ ምልክትም ጀማሪ መሆናችሁን ይናገራል። ዝም ብሎ ገብቶ የተሳሳተ ሰው ግዴለሽ ይመስላል፤ ቀድሞ የተናገረውን ግን ብዙዎቹ ያግዙታል።

ታንክና ሂለር ወዲያው ሲገቡ ዲፒኤስ ለምን ይጠብቃል? በስንት ሰዓት ልግባ?

ዲፒኤስ መሆን የሚፈልገው ሰው ቡድኑ ከሚወስደው ቦታ በላይ ስለሆነ ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 በዕለቱ የጎደለውን ሚና ይዞ ለሚመጣ ሰው ተጨማሪ ሽልማት የሚሰጠውም ለዚህ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታንክ ወይም ሂለር ነው የሚጎድለው።

የምንገባው አውሮፓ ያለው ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሰዓቱን በአውሮፓ ምሽት አስሉት። በነሱ ክረምት መካከለኛው አውሮፓ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ ወደ አንድ ሰዓት ይወርዳል። ቀን በሥራ ሰዓት የሚገባ ሰው ብዙ ይጠብቃል፣ በዚያው ልክ ግን ኔትወርኩ ይቀለዋል። ታንክና ሂለር የሚለማመድ ሰው ቀኑን ቢመርጥ አይጎዳም።

ፒንጌ (ትእዛዜ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከፍተኛ ነው፤ ጠላቱ ሊመታ ሲል መሬት ላይ ከሚታየው ክብ ወጥቼም ይመታኛል።

አገራችን ወደብ ስለሌላት ኢንተርኔታችን በጂቡቲና በሌሎች ጎረቤቶች በኩል ባህር ሥር ያለው ኬብል ላይ ደርሶ ነው አውሮፓ የሚገባው። ርቀቱን የሚያሳጥር ፓኬጅ የለም። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ጠላቱ ምቱን ሲያዘጋጅ የሚሞላው መስመር ባለቀበት ቅጽበት ሰርቨሩ ክቡ ውስጥ ማን እንዳለ ይመዘግባል፤ ምስሉ ላይ ፍንዳታው የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ መውጣታችሁን ሰርቨሩ የሚያውቀው ደግሞ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ፍንዳታውን አትጠብቁ፤ መስመሩ ሳያልቅ ውጡ። ሂለሮችም ሕክምናውን ትንሽ ቀደም አድርጉ። ከዋይፋይ ይልቅ በገመድ መገናኘት ከቻላችሁ ፒንጉ ባይወርድም መዝለሉ ይቀንሳል፤ የሚያስቸግረው ደግሞ ከፍታው ሳይሆን መዝለሉ ነው።

መሃል ላይ መብራት ቢሄድስ?

በፈቃዱ ጥሎ የሚወጣ ሰው ዋርክራፍትም ፋይናል ፋንታሲ 14ም ላይ ለ30 ደቂቃ ይቀጣል። መስመር የተቋረጠበት ሰው ግን ቶሎ ከተመለሰ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ከዘገየ ቡድኑ በድምፅ ያስወጣዋል፣ ይህም ቅያሜ የሚያስይዝ ነገር አይደለም። ላፕቶፕ ካላችሁ ስልካችሁን ሆትስፖት ለማድረግ ዝግጁ አድርጉ። በሰፈራችሁ መብራት የሚሄድበት ሰዓት ከታወቀ በዚያ ሰዓት ታንክ ሆናችሁ አትግቡ፤ አንድ ዲፒኤስ ቢጎድል ቡድኑ ይገፋል፣ ታንክ ሲጎድል ግን ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል።

ቡድኑ አለቀ። ጥፋቱ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ በትክክል መመለስ የቻለ ሰው ሚናውን ይዟል። ማን እንደሞተ ሳይሆን ማን ቀድሞ እንደሞተ እዩ።

ታንኩ ቀድሞ ከወደቀና ሂለሩ ቆሞ ከነበረ ሁለት ነገር ጠይቁ። ታንኩ መከላከያ ተጭኗል? ሂለሩ በዚያን ሰዓት ምን እያደረገ ነበር? ብዙ ጊዜ መልሱ ከሁለቱም ግማሽ ግማሽ ነው፤ ታንኩ ሁለት ቡድን ጠላት በአንዴ ሰብስቦ ምንም አልተጫነም፣ ሂለሩ ደግሞ ከክብ እየሸሸ ማከም አልቻለም። ብዙ የማይታየው ሦስተኛው ምክንያት ታንኩ ከሂለሩ ዓይን መራቁ ነው። ግድግዳ ወይም ምሰሶ መሃል ከገባ ሕክምናው አይደርስም፤ ሂለሩ ቁልፉን እየቀጠቀጠ እያለ ታንኩ ይሞታል። ከማዕዘን ኋላ ጠላት የሚሰበስብ ታንክ ሂለሩ እስኪደርስ ይቁም።

ሂለሩ ቀድሞ ከወደቀ አብዛኛውን ጊዜ ታንኩ አንድ ጠላት አምልጦታል፤ ያቺ ቀይ ያልሆነችው ምልክት ማለት ነው። ወይም ዲፒኤሱ በመንገድ ዳር የነበረ ጠላት ነክቶ ሳይናገር ቀርቷል። ሂለሩ ራሱ ክብ ውስጥ ቆሞ ከሞተ ግን ሰበብ የለም።

ዲፒኤሱ ቀድሞ ከወደቀ ብዙ ጊዜ ቆሞ መምታት ስላማረው ነው። "ይቺን አስማት ልጨርስ" ያለ ሜጅ የሚሞተው ሞት የታወቀ ነው። ግን ታንኩ ቦሱን ወደ ቡድኑ አዙሮት ከነበረ ዲፒኤሱን መውቀስ አይገባም፤ ፊት ለፊት የሚተፋው ነገር ያገኘው ሳያጠፋ ነው።

ሁሉም በአንዴ ከሞተ አንድ መቋረጥ የነበረበት አስማት ሳይቋረጥ አልፏል፣ ወይም መነካት የነበረበት ነገር ሳይነካ ቀርቷል። ያኔ ቪዲዮ ማየቱ ዋጋ ያገኛል፤ ምን እንደምትፈልጉ ታውቃላችሁና።

ቢሰድቡኝ ወይም ቢያባርሩኝስ?

ስድቡን ጆሮ ዳባ ልበስ በሉት፣ ምክሩን ግን ለዩት። "ስታንስህን አብራ" ብሎ የጮኸ ሰው ጨዋ ባይሆንም ልክ ነው። ከተባረራችሁ እንደገና ተመዝገቡ፤ ታንክ ከሆናችሁ ገና ሻይ ሳትቀዱ ሌላ ቡድን ይጠራችኋል።

ደንጀን ላይ የለመድኩት ለሬይድ (ከደንጀን የሚበልጥ ሰው ለሚገባበት ከባድ ውጊያ) ይበቃል?

መሠረቱ ይበቃል፤ አዲስ የሚመጣው ከራሳችሁ ዓይነት ሚና ካለው ሰው ጋር መሥራት ነው። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ ስምንት ሰው ሲገባ ሁለት ታንክ፣ ሁለት ሂለርና አራት ዲፒኤስ ነው። ሂለሮቹ ሳይነጋገሩ ከቀሩ ሁለቱም አንዱን ሰው ያክማሉ፣ ሌላው ይሞታል። ዋርክራፍትም ላይ በ2016 የመጣው ሚቲክ ፕላስ ሰው ሳይጨምር እዚያው አምስት ሰው ላይ ሰዓት በመቁጠር ያከብደዋል፤ እዚያ ታንኩ የትኛውን ጠላት ነክቶ የትኛውን እንደሚያልፍ አስቀድሞ መንገዱን ማጥናት አለበት።

ከባዱ የሁለት ታንክ ነገር ነው። ሁለቱም ስታንስ አብርተው ከጀመሩ ቦሱ ወዲያና ወዲህ እየዞረ ቡድኑን ሁሉ ይመታል። ከመጀመራችሁ በፊት ማን እንደሚይዝ ተስማሙ፤ ሁለተኛው ስታንሱን አጥፍቶ ይጀምር። ቦሱ በያዘው ታንክ ላይ የሚያከብድ ምልክት ሲለጥፍ ሁለተኛው አብርቶ ቦሱን ወደ ራሱ የሚያዞረውን ፕሮቮክ ይጫናል፣ የመጀመሪያው ሸርክ በሚባለው ቁልፍ ከአግሮ ነጥቡ ከፊሉን ለሱ ያስረክበዋል። ቅደም ተከተሉ ፕሮቮክ ቀድሞ፣ ሸርክ ተከትሎ ነው።